የማንበብ ችግር ያለባቸው ሕፃናት በማጠናከሪያ ትምህርት ሊታገዙ ይገባል

በደቡብ ወሎ ዞን አምባሰል ወረዳ የምትገኘው የውጫሌ ከተማ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም በኢትዮጵያና በኢጣሊያ መካከል በተፈረመው ውል ትታወቃለች። የውሉ 17ኛ አንቀጽ የአማርኛና የጣሊያንኛ ቅጂዎች የተለያየ ትርጉም መያዛቸው ለዓድዋ ጦርነት ምክንያት መሆኑ ይታወሳል። የአንድ ቃል ክብደት በታሪክ በተመሰከረበት በዚህ አካባቢም ሆነ በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች፣ ቃላትን ለይቶ ማንበብ የሚሳናቸው ሕፃናት ጉዳይ ተገቢውን ትኩረት ይሻል።

ዲስሌክሲያ በመባል የሚታወቀው የማንበብ ችግር ከአእምሮ የቋንቋ ድምፅ አሠራር ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ከስንፍናም ሆነ ከማስተዋል ማነስ የሚመጣ አይደለም። ችግሩ ያለበት ሕፃን በቃል የተነገረውን በሚገባ እየተረዳ፣ ያንኑ በጽሑፍ ሲያገኘው ግን ይቸገራል።

የአማርኛ ፊደልም የራሱ ፈተና አለው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሆሄያት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ። «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት በአንዲት ቅጥያ አቀማመጥ ብቻ ነው። «ገና» የሚለው ቃል ደግሞ ሲጠብቅ የበዓል ስም፣ ሲላላ «እስካሁን» ማለት ቢሆንም አጻጻፉ አንድ ነው።

ማንበብ ያልቻለ ሕፃን ሁሉ ግን ዲስሌክሲያ አለበት ማለት አይደለም። በ2002 ዓ.ም በተካሄደው አገር አቀፍ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። በአማራ ክልል ባለፉት ዓመታት በግጭት ሳቢያ ትምህርት በተደጋጋሚ መቋረጡም ችግሩን ያባብሰዋል። ስለሆነም በቅድሚያ የሕፃኑን ዓይንና ጆሮ ማስመርመር፣ ቀጥሎም የማጠናከሪያ ትምህርት መስጠት ያስፈልጋል። ትምህርቱን ያጣ ሕፃን በአብዛኛው ቶሎ ያገግማል፤ ለውጡ እጅግ አዝጋሚ የሆነበት ደግሞ የተለየና የረዥም ጊዜ ድጋፍ ይሻል።

የማጠናከሪያ ትምህርቱ ከሦስት እስከ አምስት ለሚሆኑ ሕፃናት፣ በየዕለቱ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቢሰጥ ይመረጣል። መምህሩ ጥቂት ፊደላትን ብቻ በማቅረብ ድምፃቸውን ያሰማል፣ በአሸዋ ላይ በጣት ያስጽፋል፣ «ሰ-ላ-ም» እያስባለ ቃል ያስመሠርታል። ሕፃኑ ፊደል ገበታውን በቃሉ ስለወጣ ብቻ ያውቃል ሊባል አይገባም። የቀድሞው የአብነት ትምህርት ከ«ሀሁ» ቀጥሎ «አቡጊዳ»ን ማስቆጠሩ ቅደም ተከተሉን በመለወጥ ፊደልን በመልኩ ለማስለየት ይረዳ ነበር።

በራስ መተማመንም የትምህርቱ አካል ነው። ሕፃኑን ሳይዘጋጅ በክፍል ፊት ማስነበብና «ሰነፍ» ማለት ከትምህርት ያሸሸዋል። አስቀድሞ የተለማመደውን ምንባብ ማስነበብ፣ በፈተና ተጨማሪ ጊዜ መስጠትና የሚያውቀውን በቃል እንዲመልስ መፍቀድ ግን ያበረታታዋል።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂም በ1998 ዓ.ም ወጥቶ በ2004 ዓ.ም ተሻሽሏል። የቀረው እነዚህን ሰነዶች ወደ መማሪያ ክፍል ማውረድ ነው።

ለዚህም የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችና ርዕሳነ መምህራን ለማጠናከሪያ ትምህርቱ በመምህሩ የሥራ ሰዓት ውስጥ ቦታ ሊሰጡትና ውጤቱን በየወሩ ሊከታተሉ ይገባል። ከካርቶን የተቆረጡ የፊደል ካርዶችና አሸዋ ከፍተኛ በጀት አይጠይቁም። በ2ኛ ክፍል ሳይታገዝ የቀረ ሕፃን ግን በ5ኛ ክፍል የሳይንሱንም የሒሳቡንም መጽሐፍ ማንበብ ተስኖት ትምህርቱን ሊያቋርጥ ይችላል።