ፒዮግሊታዞን፣ የሽንት ፊኛ ካንሰርና የካሣ ክስ

ለዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ የሚታዘዘው ፒዮግሊታዞን በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ የንግድ ስሙ አክቶስ ነው። በወንድ አይጦች ላይ የሽንት ፊኛ ዕጢ እንደሚያስከትል በቤተ ሙከራ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ፈረንሳይ መድኃኒቱን አገደች፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በበኩሉ ከአንድ ዓመት በላይ መውሰድ ለካንሰሩ ሊያጋልጥ እንደሚችል አስጠነቀቀ።

ማስረጃው ግን አንድ ወጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የካሊፎርኒያ ሕሙማን የረጅም ጊዜ ክትትል አኃዛዊ ትርጉም ያለው ጭማሪ አላገኘም። አስተዳደሩ ይህንም መርምሮ በ2016 ማስጠንቀቂያውን አጸና።

በፍርድ ቤት የተነሣው ዋነኛ ጥያቄ ከዚህ ይለያል፤ አምራቹ ሥጋቱን እያወቀ በበቂ ሁኔታ ሳያስጠነቅቅ ቀርቷል ወይ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በሉዊዚያና የተሰየሙ የሕዝብ ዳኞች በታኬዳና በኢላይ ሊሊ ላይ የ9 ቢሊዮን ዶላር የመቀጫ ካሣ ወሰኑ። ዳኛዋ መጠኑ እጅግ የበዛ ነው በማለት ወደ 37 ሚሊዮን ገደማ ዝቅ አደረጉት። በተከታዩ ዓመት ታኬዳ ጥፋተኛነቱን ሳያምን በሺዎች የሚቆጠሩ ክሶችን እስከ 2.4 ቢሊዮን ዶላር በሚደርስ ክፍያ ለመጨረስ ተስማማ።

እንዲህ ባለው ክርክር የከሳሹ መነሻ የሕክምና ካርዱ ነው፦ መቼ ተጀመረ? በምን መጠን? ለስንት ወር? ብዙውን ጊዜ የሚጎድለውም ይኸው ነው። የፊኛ ካንሰር ላለበት ሕመምተኛ መድኃኒቱ አይታዘዝም፤ ቀድሞ ለነበረበትም ጥቅሙና ጉዳቱ መመዘን አለበት። በሚወስድ ሰው ላይ የሚታይ ደም የቀላቀለ ሽንት ኢንፌክሽን ነው ተብሎ ብቻ አይታለፍም። እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ የሽንት ቢልሃርዚያ በሚገኝባቸው አካባቢዎች ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ነው፤ ቢልሃርዚያው ራሱ ለፊኛ ካንሰር ያጋልጣልና።