እንቅስቃሴን በማዘዣ መስጠት

ደም ግፊት ወይም ስኳር ይዞት ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው ብዙውን ጊዜ ከመድኃኒቱ ጋር «ስፖርት ሥራ» የሚል ምክር ተቀብሎ ይወጣል። ኪኒኑ ስንት ፍሬ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ ተጽፎለታል። ምክሩ ግን ልክም፣ ሰዓትም፣ ቀጠሮም የለውም፤ ስለዚህም ቶሎ ይረሳል።

ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረችው «አረንጓዴ ማዘዣ» ይህንኑ ጉድለት ይሞላል። የቤተሰብ ሐኪሙ ወይም ነርሷ ታካሚው ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ይጠይቁታል፤ የሚችለውንና የሚወደውን አብረው ይመርጡና (አብዛኛውን ጊዜ የእግር ጉዞ ነው) በወረቀት ይጽፉለታል። ከዚያ በአካባቢው ያለ የስፖርት ተቋም ባለሙያ ለተወሰኑ ወራት እየደወለ ይከታተለዋል። አሠራሩ በዋይካቶ አካባቢ በ42 ክሊኒኮች፣ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 79 በሆነ 878 እንቅስቃሴ የማያዘወትሩ ሰዎች ላይ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ውጤት መሠረት፣ ከዓመት በኋላ በሳምንት ሁለት ሰዓት ተኩል መንቀሳቀስ የቻሉት፣ ማዘዣ ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ከአሥር ሰው በአንድ ያህል በልጠዋል። በደም ግፊት በኩል ጎልቶ የወጣ ልዩነት አልታየም። ቢሆንም ለጥቂት ደቂቃ ውይይትና ለጥቂት የስልክ ጥሪ ይህ ትልቅ ፍሬ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። መካከለኛ የሚባለው እየሠሩ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትበት ነው። ይህ መለኪያ ሰዓትም መሣሪያም ስለማይፈልግ ለማንኛውም ታካሚ ይስማማል። የቤት ሥራና የእርሻ ሥራም ይቆጠራሉ። ውኃ ስትቀዳና እንጨት ስትሸከም የምትውልን እናት «ተንቀሳቀሺ» ማለት ኑሮዋን አለመጠየቅ ነው፤ ወንበር ላይ ለሚውለው የቢሮ ሠራተኛ ግን ማዘዣው በእርግጥ ያስፈልገዋል።

ልኩ ከዝቅተኛው ይጀምራል። ምንም ለማይንቀሳቀስ ሰው በቀን አሥር ደቂቃ መራመድም ጥቅም አለው፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ሐኪሙ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮችም አሉ። ሲራመድ ደረቱን የሚያመው ወይም ራሱን የሚስት ሰው አስቀድሞ መመርመር አለበት። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ታካሚ በእንቅስቃሴ ጊዜ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድበት ስለሚችል ጣፋጭ ነገር ይያዝ፤ እግሩን የሚያደነዝዘው ከሆነ ደግሞ የሚመቸው ጫማ ያድርግ፣ ሲመለስም እግሩን ይመልከት። ዕድሜያቸው 65 የሞላ አረጋውያን ከመውደቅ እንዲድኑ ሚዛን የሚያጠነክር ልምምድ በሳምንት ሦስት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይመከርላቸዋል።

በኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕክምና ገና ወጣት ሙያ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ የስፔሻሊቲ ሥልጠና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ተመላላሽ በሚበዛበት ክሊኒክ ለረጅም ምክር ጊዜ አይገኝም። ሁለት ጥያቄ ግን ደቂቃ አይፈጅም፦ በሳምንት ስንት ቀን ይንቀሳቀሳሉ? በአንዱ ቀንስ ስንት ደቂቃ? መልሱ ከደም ግፊቱ ልኬት አጠገብ በካርዱ ላይ ከተጻፈ በሚቀጥለው ቀጠሮ የሚነጻጸርበት ነገር ይኖራል። ታካሚው ያልፈጸመው ከሆነም ሐኪሙ ያልተመቸውን ጠይቆ ልኩን ዝቅ ያደርግለታል፣ ወይም ሌላ ዓይነት እንቅስቃሴ ይመርጥለታል።