የጆንያው ጦስ ለቡናው ተረፈ

ቡና ላኪ ስለ ደረጃ፣ ስለ እርጥበትና ስለ ኒውዮርክ ዋጋ ሌት ተቀን ይጨነቃል። ስለ ጆንያው ግን እምብዛም አይጠይቅም። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት ማግኘቷን ስታስታውቅ ግን ጆንያ የቡና ገበያው ዋና ወሬ ሆነ።

ጃፓን በወቅቱ ከአገሪቱ የቡና ኤክስፖርት አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን የምትወስድ ደንበኛ ነበረች። ምርመራው ሲጠብቅ ግዢው ክፉኛ አሽቆለቆለ።

የተገኙት ሊንዴን፣ ሄፕታክሎርና ክሎርዴን የተባሉ፣ ከዲዲቲ ጋር የሚዛመዱ ክሎሪን ያለባቸው ኬሚካሎች ናቸው። ነገሩ ለገበሬው እንቆቅልሽ ነበር። አብዛኛው የኢትዮጵያ ቡና በጓሮና በጥላ ዛፍ ሥር የሚለማ እንጂ መድኃኒት የሚረጭበት አይደለም። የኢትዮጵያ ባለሥልጣናት በኋላ ጣታቸውን የቀሰሩት ቡናው በተሞላበት የቃጫ ጆንያ ላይ ነው።

እነዚህ ኬሚካሎች ለዓመታት አይበሰብሱም። ውሃ ሳይሆን ቅባት ይወዳሉ። ጆንያ ሲሠራ ቃጫው በዘይት ይለሰልሳል፤ የቡና ፍሬም በውስጡ ዘይት አለው። ስለዚህ መርዙ ማንም ሳይረጨው ከጆንያ ወደ ፍሬ ሊሻገር ይችላል።

መጠኑም ብዙ መሆን የለበትም። ከግንቦት 1998 ዓ.ም. ጀምሮ በጃፓን ሕግ የራሱ ወሰን ላልወጣለት ቅሪት የሚፈቀደው በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ብቻ ነው። ይህም በ100 ቶን 1 ግራም ማለት ነው። በነጋዴ ቋንቋ፣ 1 ግራም መርዝ ባለ 60 ኪሎ 1,666 ጆንያ ቡና፣ ማለትም 5 ኮንቴይነር ያህል ከወሰኑ ጫፍ ያደርሳል።

ለላኪው ትምህርቱ ቀላል ነው። ምንጩ የማይታወቅ ጆንያ በርካሽ ከመሸመት ይልቅ ለምግብ ተብሎ በአትክልት ዘይት የተሠራውን መግዛት፣ ፀረ ተባይ በተከማቸበት መጋዘን አለማሳደር፣ መድኃኒት ባመላለሰ መኪና አለመጫን፣ ናሙናውንም ዕቃው መርከብ ላይ ሳይወጣ ማስመርመር ይበጃል። ደላላውም ቡናው የት እንዳደረ ቢጠይቅ አያፍርም።

ገበሬው ባልረጨው መድኃኒት ገበያው ታመመ። በጆንያ ጥቂት ብር ለማትረፍ ሲሉ ደንበኛ ማጣት፣ አበው እንዳሉት፣ አተርፍ ባይ አጉዳይ መሆን ነው።