"መኪናዬን ይዤ ልግባ?" ለሚሉ ዘመዶቻችሁ፤ ነገሩ የቡና ገበያውንም ይነካል

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ተደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ የጅማ ወይም የሲዳማ ዋጋ አይደለም። "ወንድሜ ከአሜሪካ ጠቅልሎ ሊገባ ነው፣ የሚነዳትን ቶዮታ ጭኖ ቢመጣ ያዋጣዋል ወይ?" የሚል ነው። የሚጠይቁት ደግሞ ላኪዎች፣ የዩኒየን ሰዎችና የእህል ነጋዴዎች ናቸው። የቡና ቻናል ላይ የመኪና ወሬ ምን አመጣው የምትሉ ትንሽ ታገሡኝ፣ እደርስበታለሁ።

አጭሩ መልስ፦ ቤንዚን ወይም ናፍጣ የምትጠጣ የቤት መኪና ከሆነች እዚያው ይሽጣት በሉት። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንደማይገባ ያስታወቀው በጥር 2016 ነው። "የራሴ ናት፣ ስነዳት የኖርኩባት ናት" የሚለው ክርክር ጅቡቲ ላይ ዲሜሬጅ ከመቁጠር አያድንም። እኔ ልዩ ፈቃድ አለኝ የሚል ካለ፣ መርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት ከጉምሩክ በጽሑፍ ይያዝ። የትራንዚተር የቃል ተስፋ ወረቀት አይሆንም።

ሌላው ዓለም ነገሩን የሚያየው በተለየ ዓይን ነው። ወደ አውሮፓ ኅብረት ኑሮውን የሚያዛውር ሰው፣ ከኅብረቱ ውጭ ቢያንስ 12 ወር የኖረና መኪናዋን ቢያንስ 6 ወር የተገለገለባት ከሆነ ያለ ቀረጥ ያስገባታል። ለ12 ወር እንዳይሸጣት ብቻ ይከለከላል። መኪና እነሱ ዘንድ እንደ አልጋና ቁምሳጥን የቤት ዕቃ ናት። እኛ ዘንድ ግን ለብዙ ዓመት የኖረችው የዶላር ማስቀመጫ ሆና ነው፤ የቡና ነጋዴውን የሚመለከተውም እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ግብሩ እንዴት እንደሚደራረብ እንይ፣ ብዙ ሰው መቶኛዎቹን እየደመረ ስለሚሳሳት። ጅቡቲ እስክትደርስ 10,000 ዶላር የወጣባት መኪና አለች እንበል። ለስሌት ያህል ቀረጥ 30፣ ኤክሳይዝ 60 በመቶ እንውሰድ። ቀረጡ ሲጨመር 13,000 ትሆናለች። ኤክሳይዙ በዚህ በ13,000ው ላይ ይሰላል፣ 20,800። 15 በመቶው ቫት በዚያ ላይ፣ 23,920። በመጨረሻ 10 በመቶ ሱር ታክስ፣ 26,312። ግብሩ ብቻ 16,312 ዶላር መጣ ማለት ነው፣ ከመኪናዋ ዋጋ በላይ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ደግሞ ያረጀችውን ከአዲሷ አብልጦ ይቀጣል። "አሮጌ ናት፣ ርካሽ ናት" ብሎ የሚያስብ ሰው የተገላቢጦሽ ነው የሚገጥመው። ደረሰኝ ዝቅ አድርጎ ማጻፍም አይረዳም፣ ጉምሩክ የራሱ የዋጋ መረጃ አለው።

ያው 16,312 ዶላር ዶላሩ በ57 ብር ሲመነዘር 930 ሺህ ብር ገደማ ነበር። በ125 ስታሰሉት 2 ሚሊዮን ያልፋል። መኪናዋ አልተለወጠችም፣ የተለወጠው ብሩ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ግብር እየከፈለ ሰው ለምን ያስገባ ነበር? ባንክ በ57 ብር ሲመነዝር ትይዩ ገበያው ከ100 በላይ ሄዶ ነበር። ውጭ ያለ ሰው ዶላሩን በባንክ ልኮ ግማሹን ከሚያጣ፣ በመኪና መልክ አስገብቶ አዲስ አበባ ላይ ሲሸጣት ዶላሩ እውነተኛ ዋጋውን ያገኛል። ቡና ላኪውም የሠራው ይህንኑ ነው። በኪሳራ ልኮ፣ ባገኘው ዶላር መኪና፣ ጎማ፣ ብረት አስገብቶ እዚያ ላይ ያካክሳል።

በቁጥር እናስቀምጠው። አንድ ኮንቴይነር ቡና 320 ጆንያ በ60 ኪሎ፣ 19.2 ቶን ነው፤ በፈረሱላ 1,129 ገደማ። ላኪው በፈረሱላ 5 ዶላር ቢከስር ከኮንቴይነሩ 5,600 ዶላር ገደማ ያጣል። ያን የምትሸፍን አንዲት መኪና በቂ ነበረች። አቅራቢው "ዘንድሮ ዋጋ ጥሩ ነው" ሲል የነበረው አንዳንዴ ከኒውዮርክ የመጣ ዋጋ ሳይሆን ከመኪና ትርፍ የተቆረሰ ነበር። መኪና የማያስገባ፣ ቡናውን ብቻ የሚሸጥ ዩኒየን ከዚህ ላኪ ጋር እኩል ዋጋ ከፍሎ ቀይ እሸት መግዛት አልቻለም። ዩኒየኖች "ነጋዴው በምን ሒሳብ ነው የሚገዛው?" ሲሉ የኖሩት ጥያቄያቸው ትክክል ስለነበር ነው።

በጥቅምት 2015 መኪናን ጨምሮ 38 የዕቃ ዓይነቶች ከባንክ ዶላር ታገዱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ እገዳው ተነሣ፣ ላኪውም ካመጣው ዶላር 50 በመቶውን በእጁ እንዲያስቀር ተፈቀደለት። የነዳጅ አውቶሞቢል በር ግን አልተከፈተም። ባንክና ትይዩ ገበያ በተቀራረቡ ቁጥር በዕቃ በኩል የሚገኘው ትርፍ ይሳሳል። ስለዚህ አሁን ከዓለም ዋጋ በላይ ቆርጦ የሚገዛችሁ ሰው ካለ፣ በዱቤ ከማስረከባችሁ በፊት ኪሳራውን የት እንደሚመልስ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ቅድሚያ ክፍያ ተቀበሉ።

ወደ ጠቅላይ ገቢው እንመለስ፣ የቀረለት ኤሌክትሪክ ናት። በ2014 የገንዘብ ሚኒስቴር ተገጣጥማ ለምትገባ ኤሌክትሪክ መኪና ቀረጡን 15 በመቶ አድርጎ ቫት፣ ኤክሳይዝና ሱር ታክሱን አንሥቶላት ነበር። በዚያ ስሌት የ10,000ዋ መኪና 11,500 ላይ ታርፋለች። ታሪፍ ስለሚቀያየር በሚጫንበት ሳምንት ያለውን ይጠይቅ። አሜሪካ ሲነዳት የነበረችውን ከማምጣቱ በፊት ግን ሶኬቷን ይይ። እዚህ የሚበዙት የቻይና ገበያ መኪኖች ናቸው፣ የቻርጅ መሰኪያቸውም የቻይና ነው። የአሜሪካዋ ያለ አዳፕተር አትገባበትም፣ መለዋወጫና ሶፍትዌሩም ሌላ ራስ ምታት ነው። ከእንግሊዝ ወይም ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣ ደግሞ መሪው በቀኝ መሆኑን አይርሳ፣ እኛ የምንነዳው በመንገዱ ቀኝ ነው። ጅማ ወርዶ የቡና እርሻ ሊሠራ ላሰበ ሰው ደግሞ 350 ኪሎ ሜትሩን በአንድ ቻርጅ እንዴት እንደሚወጣ ቀድሞ ያስብበት።

ስለሚሄዱትም አንድ ነገር። ዲቪ ደርሶት የሚወጣ ሰው መኪናውን ይዞ ልሂድ ብሎ አይድከም። ለአሜሪካ ደረጃ ያልተሠራች መኪና ከ25 ዓመት በታች ከሆነች እዚያ ማስመዝገብ ጣጣ ነው። እዚሁ ይሽጣት፣ ክልከላው የነዳጅ መኪናን ዋጋ ይዞለታል። ሲሸጥ ግን በውክልና ብቻ ሰጥቶ አይብረር። ሊብሬው ላይ ስሙ ካልተዛወረ አደጋ በደረሰ ቀን የሚፈለገው እሱ ነው፣ እዚህ የቀረው ቤተሰቡም ይጉላላል።

የነገ ጠዋት የቡናና የሰሊጥ ዋጋ እንደተለመደው ከ3 ሰዓት በፊት ይለጠፋል። የመኪና ጥያቄ ያላችሁ ሞዴሉን፣ የተመረተችበትን ዓመትና የሲሲ መጠኑን ጨምራችሁ ላኩልኝ።