የጉማራን ዓሣ ማን ይቁጠረው?

በሰባተኛ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት በቅርቡ አንድ ጥያቄ አቀረቡልን። ለልጆቻቸው ምሳ የገዙትን ዓሣ እያጠቡ ሳለ፣ ከጣና አካባቢ የመጣች ጎረቤታቸው «እኛ አገር እኮ ዓሣ በብርብራም ይያዛል» አለቻቸው። እሳቸውም ቢላዋቸውን አስቀምጠው አሰቡ። «ዓሣ ማረድ እንደማያስፈልገው፣ ሐላል መሆኑንም እናውቃለን። ግን በመርዝ የሞተ ከሆነ ለልጅ ይሰጣል ወይ?» ሲሉ ጠየቁን።

ጥያቄው የአንድ ማዕድ ጥያቄ ይመስላል። መልሱን ስንፈልግ ግን ከማዕዱ አልፎ ስለ ወንዙ የሚጠይቅ ሆኖ አገኘነው።

ብርብራ በአገራችን የሚበቅል ዛፍ ነው። ፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባል ኬሚካል ይገኛል። ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲጨመር መርዙ በዓሣው ስንጥብ በኩል ወደ ደሙ ይገባል፤ ሰውነቱም ኦክስጅንን እንዳይጠቀም ያግደዋል። ዓሣው በውኃ መካከል ሆኖ ይታፈናል፤ አየር ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያም ያለ መረብ በእጅ ይለቀማል። ትልቁም ትንሹም፣ የሚፈለገውም የማይፈለገውም አብሮ ያልቃል።

ነገሩን የከፋ የሚያደርገው ጊዜውና ቦታው ነው። በጣና ሐይቅ ውስጥ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዓይነቶች እንዳሉ ተመራማሪዎች ለይተው መዝግበዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም። ከመካከላቸው ገሚስ ያህሉ በክረምትና በክረምት መውጫ ሐይቁን ለቀው እንደ ጉማራ ወደመሳሰሉ ወንዞች ይወጣሉ፤ ጠጠር ባለበት፣ ጠራ ባለ ገባር ወንዝ ውስጥም እንቁላላቸውን ይጥላሉ። እናቶቹ በጠባብ ውኃ ውስጥ ተሰብስበው በሚገኙበት በዚያ ወቅት ብርብራ ቢጨመር፣ የሚሞተው የዛሬው ዓሣ ብቻ አይደለም፤ የከርሞውም ጭምር ነው።

ለመሆኑ ጉዳቱ በምን ይታወቃል? ወንዝ ዳር የወደቀውን ሬሳ በመቁጠር አይደለም። የሞተ ዓሣ ከፊሉ ይሰጥማል፤ ከፊሉን ጎርፍ ይወስደዋል፤ ከፊሉን ሰውና አሞራ ይለቅመዋል። ትክክለኛው መንገድ የተረፈውን መቁጠር ነው። ተመራማሪዎች ዓይናቸው ልዩ ልዩ ስፋት ያለው መረብ በተመረጠ ቦታ ይጥላሉ። የተያዘውን በየዓይነቱ ይለያሉ፤ ይለካሉ፤ ይመዝናሉ፤ ሆዱን ከፍተው እንቁላሉ የደረሰ መሆኑን ያያሉ። ይህንኑ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ወር፣ በዚያው ዓይነት መረብ በየዓመቱ ይደግሙታል። የቀድሞው ቁጥር ከሌለ የዛሬው ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም።

በዚህ መንገድ በጣና የተደረገው ጥናት አሳዛኝ ነገር ገለጠ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባለው ጊዜ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ነጭ ዓሣዎች በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሰው ተገኙ። የትንንሾቹ ቁጥር ደግሞ ከዚያ የባሰ አሽቆለቆለ። አጥኚዎቹ ከምክንያቶቹ መካከል ሁለቱን ጠቅሰዋል፤ አንዱ ለመራባት የተሰበሰበውን ዓሣ በወንዝ አፍ ላይ በመረብ መጥረግ ነው፤ ሁለተኛው በወንዞቹ ውስጥ የሚጨመረው ብርብራ ነው።

የተመረዘ ወንዝ መልሶ አይድንም ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1991 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ አንድ የጭነት ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ 72 ሺህ ሊትር ያህል የተባይ ማጥፊያ ሳክራሜንቶ ወንዝ ላይኛው ክፍል ውስጥ ፈሰሰ። በ60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዓሣ አለቀ። ማጥመድ ተከለከለ፤ ቆጣሪዎችም በየዓመቱ ወንዙን ይጎበኙ ጀመር። መርዙ ያልነካቸው ገባር ወንዞች ስለነበሩ ከእነርሱ የወጣው ዓሣ ዋናውን ወንዝ ቀስ በቀስ ሞላው። በእኛ አገር ግን መርዙ የሚጨመረው ዘር በሚገኝባቸው በእነዚያው ገባሮች ውስጥ ነው። ገባሩ ከተመረዘ ወንዙን የሚሞላው ዓሣ ከየት ይምጣ?

ሕግ የለም እንዳይባልም አለ። በ1995 ዓ.ም የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ በመርዝ ማጥመድን ይከለክላል። ነገር ግን በእያንዳንዱ ገባር ዳር ዘበኛ አይቆምም። ዘበኛው የገበሬው ኅሊና ነው፤ የገዢውም ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። ሮቴኖን በፀሐይና በሙቀት ቶሎ የሚፈርስ ነው፤ በምግብ መልክ ከሰው ሆድ ወደ ደም የሚገባውም ጥቂት ነው። ለነቀዝና ለተባይ የሚሸጡት ኬሚካሎች ግን እንዲህ አይደሉም፤ ምጣድ ላይ ማለፍ ብቻውን ከመርዝነት አያጸዳቸውም። ገዢ ደግሞ ዓሣውን በዓይኑ አይቶ ይህኛው በብርብራ፣ ያኛው በሌላ ሞተ ብሎ ሊለይ አይችልም። ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው፦ ሻጩን «ከየት መጣ? በምን ተያዘ?» ብለው ይጠይቁ፤ በመርዝ መያዙን ካወቁም አይግዙ፤ ለልጅም አይስጡ።

አንድ ነገር እንጨምር። የነቀዝ መድኃኒት የያዘውን ዕቃ ደጃችን ካለው ቱቦ ላይ የምናጥብ ከሆነ እኛም ከገበሬው አንለይም። ከአዲስ ከተማ የሚወርደው ፍሳሽ ትንሹ አቃቂን ተከትሎ አባ ሳሙኤል ይደርሳል፤ ከዚያም አዋሽ ይገባል። እዚያም ከወንዙ የሚጠጣና የሚያጠምድ ቤተሰብ አለ። ውኃ አላህ ለሁላችን የሰጠን አማና ነው፤ ከእኛ በታች ላለው ጎረቤት ሳይበከል ልናሳልፈው ይገባናል።