የአሮጌዋ ላንድሮቨር ምስክሮች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚዘልቀው የጅማ መንገድ ወደ ጊቤ ሸለቆ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ወደ ወይና ደጋው ሽቅብ ስለሚወጣ፣ የሞተሩን ሙቀትና የነዳጁን መጠን የሚናገሩት ጌጆች ለሹፌር የዳሽቦርድ ጌጥ ብቻ ሆነው አይታዩም፤ ከጅማም አልፎ በቡናው ወቅት ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነትና ወደ ቦንጋ ለሚዘልቅ ሰው፣ የጌጁ ሐሰት በጫካ መካከል ያለ ነዳጅ መቆምን ሊያስከትል ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም ትርዒት ለዓለም የታየችው ላንድሮቨር በአገራችን የገጠር መንገድ ብዙ ዘመን አገልግላለች። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ መኪኖች ጌጆቻቸውን በብዛት ከስሚዝስ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃቸውንም ከሉካስ ይወስዱ ስለ ነበር፣ የላንድሮቨርን ዳሽቦርድ ጠንቅቆ ያወቀ ባለሙያ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 የተሠራችውን ኤም ጂ ቢ የተባለች የስፖርት መኪና ቢያገኝ እንግዳ አይሆንባትም።

ጌጁ ራሱ ነዳጁን አያይም። በሰልባትዮው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ነዳጁ ሲጎድል አብሮ ይወርድና ለኮረንቲው ማለፊያውን ያከብድበታል፤ ሲሞላም ከፍ ብሎ ያቀልለታል። በጌጁ ውስጥ ባሕርያቸው የተለያየ ሁለት ብረቶች ተጣምረው የተሠሩበት ስስ ቅጠል አለ፤ በዙሪያው የተጠመጠመው ቀጭን ሽቦ በኮረንቲ ሲሞቅ፣ ሁለቱ ብረቶች በእኩል ስለማይለጠጡ ቅጠሉ ይታጠፍና መርፌውን ይገፋል። ቁልፉ ሲዞር መርፌው በዝግታ የሚነሣው፣ መንገዱም ቢያንገጫግጨው የማይዋልለው በዚህ ምክንያት ነው። የመኪናው ኮረንቲ ግን እንደ ሞተሩ ፍጥነት ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ስታቢላይዘር የሚባለው ትንሽ ዕቃ እየዘጋና እየከፈተ በአማካይ ወደ 10 ቮልት ያደርሰዋል፤ ስለዚህ እንዲህ ላለው ጌጅ 12 ቮልት በቀጥታ መስጠት እርሱን ማጥፋት ነው።

በእንግሊዞች የሽቦ ቀለም ሥርዓት አረንጓዴው ቁልፍ ሲከፈት በፊውዝ በኩል ኮረንቲ ያመጣል፤ ፈዘዝ ያለው አረንጓዴ ከስታቢላይዘሩ ወደ ጌጆቹ ይሄዳል፤ ጥቁር መስመር ያለበት አረንጓዴ ወደ ሰልባትዮው፣ ሰማያዊ መስመር ያለበትም በሞተሩ ላይ ወዳለው የሙቀት መለኪያ ይደርሳል፤ ጥቁሩ ደግሞ ወደ ሻንሲው ይታሰራል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ማብቂያ በፊት በተሠሩ ብዙ የእንግሊዝ መኪኖች ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ዋልታ በመሆኑ፣ ባትሪ ከማሰር አስቀድሞ ይህን ማጣራት ግድ ነው።

ጌጁ ሐሰት ሲናገር ጠቢብ መካኒክ እንደ ዳኛ ምስክሮቹን አንድ በአንድ ይጠይቃል። ሁለቱ ጌጆች በአንድነት ካበዱ ተጠርጣሪው ስታቢላይዘሩ ወይም የእርሱ ከሻንሲ ጋር መያያዣ ነው፤ ሁለቱም ከመጠን በላይ ካሳዩ ይህ ጥርጥር ይጸናል። የነዳጁ ጌጅ ብቻ ከሳተ ግን ቁልፉ ተዘግቶ ሳለ ከሰልባትዮው የመጣው ሽቦ ይነቀላል፤ ጫፉም ከነዳጅ ትነት ርቆ ከሻንሲው ጋር በጽኑ ከታሰረ በኋላ ቁልፉ ለጥቂት ጊዜ ይከፈታል። መርፌው ወደ ሙሉ ከተጓዘ ጌጁና ሽቦው ንጹሓን ናቸው፤ በደሉም በተንሳፋፊው ወይም በሰልባትዮው መታሰሪያ ላይ ይቀራል። መርፌው ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ምርመራው ወደ ፊውዙ፣ ወደ ስታቢላይዘሩና ወደ ሽቦው ይመለሳል።

በጅማ አካባቢ ዝናቡ ብዙ ወራት ስለሚዘንብ፣ የቡናን ዛፍ የሚያለመልመው ያው እርጥበት በሻንሲና በሽቦ መገናኛ ላይ ዝገትን ያበቅላል፤ በመሆኑም ከጌጁ ይልቅ አስቀድሞ የሚከሰሰው ያ መገናኛ ነው። ጥቁሩን ሽቦ ፈትቶ ብረቱን እስኪያበራ መፈግፈግ፣ ከዚያም መልሶ ማጥበቅ ዋጋው ከአዲስ ጌጅ እጅግ ያነሰ ነው። የተግባረ እድ ጥበብ የሚመዘነውም በዚህ ቅደም ተከተል ነው፤ ምክንያቱን ሳይመረምር ዕቃ የሚለውጥ ሰው አዲሱን ጌጅ ለአሮጌው ሕመም ይገብረዋል፤ ከምርመራ የጀመረው ግን ብዙ ጊዜ ምንም ሳይገዛ ይጨርሳል።