ከድመትና ከውሻ ወደ ልጆች የሚተላለፍ ጭርት

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጭርትና ስለ ቆረቆር ነው። ማንበብ የምትችሉ ለማይችለው ጎረቤታችሁ አንብቡለት።

ጭርት ምንድን ነው? ከሻጋታ ወገን የሆነ፣ በዓይን የማይታይ ፈንገስ የሚያመጣው የቆዳ በሽታ ነው። እርግማን አይደለም። በገላ ላይ ሲወጣ ክብ ይሆናል፤ ዳር ዳሩ ከፍ ብሎ ይቀረፋል፤ ያሳክካል። በራስ ላይ ሲወጣ ቆረቆር ይባላል። ፀጉሩ እየተሰበረ ራሱ ይመለጣል።

ከየት ይመጣል? በአገራችን ቆረቆር አብዛኛውን ጊዜ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ነገር ግን ከቤት እንስሳትም ይመጣል። ማይክሮስፖረም ካኒስ የሚባለው ፈንገስ ከድመትና ከውሻ ይተላለፋል። ከጥጃ የሚተላለፍም ሌላ ዓይነት አለ። ልጃችሁ የድመት ግልገል አቅፎ ይተኛል? እንግዲያው ፊቷንና ጆሮዋን እዩ፤ ፀጉሯ የተመለጠ ቦታ አለ? ምልክት ሳይታይባትም ፈንገሱን ልትሸከም ትችላለች። የረገፈው ፀጉሯም በብርድ ልብስና በምንጣፍ ላይ በሽታውን ለብዙ ወራት ይዞ ይቆያል።

ሕክምናውስ? ለገላ ጭርት እንደ ክሎትሪማዞል ያለ ቅባት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀባል። የጠፋ ቢመስልም ቶሎ አታቋርጡ። ቆረቆር ግን በቅባት ብቻ አይድንም። ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። ሐኪም ግሪሲዮፉልቪን ካዘዘ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል፤ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ይበልጥ ይሠራል።

ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጣችሁ አትለጥፉ፤ የልጅ ቆዳ ያቃጥላል። ሐኪም ያላዘዘውን የማሳከክ ማስታገሻ ቅባትም አትቀቡ። ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ ለጊዜው ያስታግሣል እንጂ ፈንገሱ ውስጥ ውስጡን ይስፋፋል።

የልጁ ራስ አብጦ መግል ከያዘ አታፍርጡት። ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ችላ ከተባለ ጠባሳ ይተዋል፤ በዚያም ቦታ ፀጉር ላይበቅል ይችላል።

እንዴት እንከላከል? ልጆች እንስሳ ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ማበጠሪያ፣ ቆብ፣ ፎጣና ምላጭ አይዋዋሱ። አንሶላና ብርድ ልብሱን እጠቡ። የታመመችውን ድመት አታባርሯት፤ በሽታውን ለጎረቤት ትወስዳለችና ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ። ልጁም ሕክምና ከጀመረ ከትምህርት ቤት አይቅር፤ ጓደኞቹም አይሳቁበት።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ዛሬውኑ የልጆቻችሁን ራስ ተመልከቱ።